ነገረ እድሳት

የወገዳ ሰው፣ ማለትም የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጅ፣ በመሬት ድንበር፣ በዘር ቆጠራና በድጓ ዜማ ክርክር ሲነሣ ተረትቶ መውጣትን እንደ ነውር የሚቈጥር መሆኑን ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ይህን የምናገረው ለሐሜት ሳይሆን ለምስክርነት ነው። በቅርብ ዓመታት ግን በእነዚህ በሦስቱ ጥንታውያን አርእስተ ክርክር ላይ አራተኛ ተጨምሯል፤ እርሱም ኮምፒውተር አፕዴት መደረግ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ነው።

የዚህ ክርክር ሸንጎ የሚቆመው በነፋስ መውጫ ከተማ፣ የእኅቴ ልጅ በከፈተው የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። በበሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ሲቪና የክስ ማመልከቻ እንደሚሠራ ከዘረዘረ በኋላ በመጨረሻው መስመር «ሚሞሪ ይሞላል» ብሎ ይደመድማል፤ እውነቱን ለመናገር ቤቱን የሚያኖረው ይኸው የመጨረሻው መስመር ነው፤ ከገበያ የመጣ ጎልማሳ ማመልከቻ የሚያስጽፈው ሙግት ሲገጥመው ብቻ ሲሆን ዘፈን የሚያስሞላው ግን ገበያ በዋለ ቍጥር ነውና። ከሰው ኪስ የወጣ ሚሞሪ ሁሉ ደግሞ ዘፈኑን ብቻ ይዞ አይገባም፤ ፋይሉን ሁሉ ደብቆ በስፍራው ባዶ ሾርትከት የሚተክለውን ያን የታወቀ ቫይረስ አስከትሎ ይገባል። ባለሙያው ጧት የሚያጸዳው ማሽን በምሳ ሰዓት ተመልሶ ሲረክስ፣ በዚህ መካከል የሰው ማመልከቻ ሲጠፋ፣ የጠፋበትም ሰው ዳኛ ፊት ሊቀርብ አንድ ሌሊት ብቻ የቀረው ሆኖ ሲገኝ፣ በዚያ ቤት የሚሰማውን የነገር ዓይነት ለአንባቢ ግብረ ገብ ስል እተወዋለሁ።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ እድሳት መሆኑ እየታወቀ በአገራችን አፕዴት የተጠላበትን ምክንያት ስመረምር ሁለት ሥር አገኘሁበት። አንደኛው ግልጽ ነው፤ በብር የተገዛው ሜጋባይት ባለቤቱ ሳያዝዝ ሲበላ ያድራል። ሁለተኛው ግን ሰው በአደባባይ የማይናገረው ነው፤ ይኸውም በየጽሕፈት ቤቱ ካለው ዊንዶውስ ብዙው ያለ ፈቃድ የተገለበጠ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር ክራክ የተደረገ በመሆኑ፣ አፕዴት ማድረግ ማለት በገዛ እግር ወደ ባለንብረቱ ደጅ ሄዶ «ያንተ ዕቃ በእኔ ቤት ነው» ብሎ መናገር ሆኖ መቈጠሩ ነው። ስለዚህ ጠጋኙ ዊንዶውስ ጭኖ እንደ ጨረሰ መጀመሪያ የሚያደርገው አፕዴቱን ማጥፋት ሆነ፤ ደንበኛውም ይህን እንደ ሙያ ቈጥሮ አመሰገነው። እንዲህ እያለ አንድ ትውልድ፣ እድሳት የሚባለውን ነገር የባለዕዳ ጸብ አድርጎ እያሰበ አደገ።

የእኅቴ ልጅ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ነውና፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው የተለመደው ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚቋረጥ፣ ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የእርሱን አሮጌ ማሽኖች ገና ከደጅ እንደሚመልሳቸው በተረዳ ጊዜ፣ ብዙ ካሰበና ከእኔም ጋር በከንቱ ከተማከረ በኋላ ኡቡንቱን ጫነባቸው። የዚህ ሥርዓት አባት ዴቢያን ይባላል፤ ኢያን መርዶክ የተባለ ወጣት ተማሪ በነሐሴ 10 ቀን 1985 ዓ.ም. ያሳወቀው፣ ማንም ሰው የውስጥ ጽሑፉን ሊያነበው፣ ሊገለብጠውና ሊያርመው የተፈቀደ የሊኑክስ ዓይነት ነው። በዚህ መሠረት ላይ ደቡብ አፍሪካዊው ባለጸጋ ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱን አነጸና የመጀመሪያውን እትም ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. አወጣ፤ ለጠየቀውም ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ሲልክ ብዙ ዓመት ኖረ። እትሞቹን ሁሉ በአውሬና በእንስሳ ስም መሰየም ልማዳቸው ነው፤ የመጀመሪያው እትም ስም ወደ እኛ ቋንቋ ቢመለስ «ኪንታሮታሙ ከርከሮ» የሚል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ማሽላውን ከከርከሮ ሲጠብቅ የሚያድር የቆላ ገበሬ ይህን ቢሰማ፣ በዓለም ላይ ለክብር ስያሜ የሚበቃ ሌላ አውሬ ጠፍቶ ነው ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አሠራሩም እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ፓኬጅ በሚባል ጥቅል ሆኖ ይመጣል፤ ጥቅሉም ራሱን ችሎ ለመቆም ሌሎች የትኞቹ ጥቅሎች እንደሚያስፈልጉት በግንባሩ ላይ ጽፎ ይዟል። አፕት የተባለው መጋቢ ይህን ሁሉ ያስተዳድራል፤ «አፕት አፕዴት» ሲሉት አዲስ የወጣውን ዝርዝር ብቻ አንብቦ ይመለሳል፤ «አፕት አፕግሬድ» ሲሉት ደግሞ ዕቃውን ራሱን አምጥቶ ይተካል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ ጽፎ፣ በማያ ገጹ ላይ የሚወርደውን የመስመር ብዛት አይቶ ማሽኑ የታደሰ መስሎት ተደስቶ ይነሣል፤ ዝርዝር ማንበብና ሥራ መሥራት አንድ ያለመሆናቸው ነገር ከኮምፒውተር ውጭም ያልገባን ብዙ ነንና አልፈርድበትም። ይኸው አፕት በእገዛ ገጹ መጨረሻ ላይ «የልዕለ ላም ኃይል አለኝ» የሚል ፉከራ ጽፏል፤ «አፕት ሙ» ተብሎ ሲታዘዝም በፊደላት የተሣለች ላም አውጥቶ «ዛሬ እምቧ ብለሃል?» ብሎ ይጠይቃል። የእኅቴ ልጅ ይህን ለደንበኞቹ ለጨዋታ ሲያሳይ፣ የጊደር ሽያጭ ውል ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ገበሬ ላሟን ከቀንዷ እስከ ጅራቷ በጥሞና ከመረመሩ በኋላ «ስንት ትታለባለች?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም መልስ አልነበረውም።

ከሚመጡት ጥቅሎች መካከል እኔን እጅግ ያስደነቀኝ የዓለምን የሰዓት ሕግ የያዘው ትንሽ መዝገብ ነው። ካዛክስታን በየካቲት 2016 ዓ.ም. መላ አገሯን በአንድ ሰዓት ስትጠቀልል፣ ፓራጓይም በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለሱ ሰልችቷት በአንዱ ስትጸና፣ ይህ ሁሉ ወሬ በጥቅል ታሽጎ ነፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ። ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ብሎ መቍጠር በሚጀምር ሕዝብ መካከል፣ ሜጋባይቱን በሳንቲም እየቈጠረ የሚገዛ የጋይንት ወጣት የፓራጓይን የክረምት ሰዓት በገዛ ገንዘቡ ማስተካከሉን ሳየው፣ ከዚህ የበለጠ ምጽዋት ወዴት ይገኛል አልሁ።

ክርክሩን ከዘፈን አስሞዮች ሸንጎ ወደ ሊቃውንት ጉባኤ ከፍ ያደረጉት ግን አንድ የድጓ መምህር ናቸው። የኔታ ወደዚያ ቤት የሚመጡት በእርጅና የደበዘዘውን ድጓቸውን ገጽ በገጽ ስካን ለማስደረግ ነው፤ በተራቸው ቍጭ ብለው ሲጠብቁ ልጁ ለአንድ መምህር ወዳጁ ስለ እድሳት የሚያትተውን ሰሙና፣

«አንተ ልጅ፣ ይህ የምትለው ነገር ማስመስከር አይደለም እንዴ?» አሉት።

«እንዴት የኔታ?»

«እንዴትማ፤ ገልብጠህ ጻፍህ፤ ከዋናው ጋር አስተያየህ፤ የተሳሳተውን ፋቅህ፤ ሌላስ ምን አለበት?»

እኔ ይህን ስሰማ ያፈርሁት በራሳችን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ እድሳትን መፍራት የማይገባው ሕዝብ ቢኖር የወገዳ ሕዝብ ነበረ። ቤተልሔም ያለችው በጋይንት ነው፤ ከየአገሩ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ሁሉ፣ መጽሐፉን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ስምንቱን ምልክቶች፣ ይዘትንና ደረትን፣ ጭረትንና ርክርክን፣ ድፋትንና ቅናትን፣ ሂደትንና ቍርጥን በየቃሉ ራስ ላይ አኑሮ፣ ቍራሽ እየለመነና በጎጆ እያደረ ወደዚያች ደብር ወጥቶ፣ በመምህሩ ፊት ቃል ከቃል ምልክት ከምልክት ሲያስተያይ ይከርማል፤ ከዚህ በኋላ ብቻ «ድጓ አስመስክሯል» ይባላል። ዙር አምባም በዚያው በጋይንት የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናት። ምልክቶቹን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ዐዛዥ ጌራና ዐዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ሆነው እንደ ሠሩት ሊቃውንቱ ይተርካሉ፤ በዚያ ጊዜ ከነበረው ዜማ በላይ ላዩን አዲስ ነገር ሲጨመርበት ማንም «ሜጋባይት ይበላብኛል» ያለ አልተገኘም። ደግሞም ዜማው አንድ ምንጭ ሳለው ወንዙ ብዙ ነው፤ የቤተልሔም አለ፤ በእስቴ የቆማ አለ፤ አጫብር አለ፤ ተጉለት አለ። የሊኑክስ ሰዎችም ከዴቢያን ኡቡንቱን፣ ከኡቡንቱ ሚንትን እያወጡ፣ በሌላ ወገን ሬድ ሃትና ፌዶራ የራሳቸውን የጥቅል ሥርዓት ይዘው፣ «የእኔ ይበልጣል፣ የእኔ ይበልጣል» ሲባባሉ መኖራቸውን ልጁ ቢነግራቸው፣ የኔታ ክርክሩ ምን እንደሚመስል ሳይነገራቸው ገባቸው።

ሆኖም የኔታ ዝም ብለው የሚያጸድቁ ሰው አይደሉምና፣ «መምህሩስ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ሰው አይደለም የኔታ፤ ብዙዎች ናቸው። ጽሑፉ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ሁሉም ያየዋል።»

«ሁሉ ያየዋል ተብሎ የተተወውን ማን ያየዋል?»

ልጁ ለጊዜው ዝም አለ፤ ቀጥሎ ግን፣ እውነተኛ ተማሪ ነውና፣ በእርሱ ወገን ላይ የሚመሰክረውን ታሪክ ራሱ አወጣላቸው። በሊኑክስ ማሽኖች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚገኝ፣ ፋይል እየጨመቀ የሚያሳንስ ኤክስዜድ የተባለ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ይህንንም ላሰ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ያለ ደመወዝ ለብዙ ዓመት ሲጠብቀው ኖረ። በኋላ ጂያ ታን ነኝ የሚል፣ መልኩን ማንም ያላየው ረዳት መጣ፤ ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና አገለገለ፤ ጥቃቅኑን ስሕተት ሁሉ አረመ፤ ታመነም፤ የመጽሐፉም መክፈቻ ተሰጠው። ከዚያም 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት እትሞች ውስጥ፣ ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰው ማሽን ለመግባት የሚያስችል የስውር በር ቀብሮ አወጣ። ይህን የገለጠው ጉባኤ አይደለም፤ በሳን ፍራንሲስኮ የሚኖር አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ወደ ራሱ የሙከራ ማሽን ሲገባ ከወትሮው በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት፣ ክሩን እየተከተለ ሄዶ ከምንጩ ደረሰና መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳወቀ። ሰውየው የማይክሮሶፍት፣ ማለትም የዚያው የዊንዶውስ ቤት ሠራተኛ መሆኑ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ተከራካሪዎች የማይመች ነገር ነው።

የኔታ ይህን ሁሉ ዐይናቸውን ጨፍነው ከሰሙ በኋላ «ግማሽ ሴኮንድ ስንት ነው?» አሉ። ልጁ በስልኩ ሰዓት ሊያሳያቸው ሲጣደፍ ጊዜ አልሰጡትም፤ ከአንድ ቃል ላይ ርክርኩን አንድ ጊዜ ሞልተው፣ ሁለተኛ ጊዜ ጥቂት አስረዝመው አዜሙና «ይህን ያህል ነዋ! ይህንማ የቤተልሔም መምህር ተኝቶም ይሰማዋል» አሉ። ከዚያም በብርቱ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። በቤተልሔም መልኩ ያልታየ አያስመሰክርም፤ ከጓደኞቹ ጋር ያልተራበ፣ በቁር ያልተንቀጠቀጠ፣ በጉባኤ መካከል ቆሞ በድምፁ ያልተፈተነ ሰው የመምህርን መጽሐፍ አይነካም፤ ይህ ጂያ ታን የምትሉት ግን የድምፁን ቃና እንኳ የሰማ ሳይኖር እንዴት ብርዕ ተሰጠው? አሉ። ልጁ፣ ያ ፊንላንዳዊ ብቻውን ሆኖ ደክሞ እንደ ነበረና የሚያግዘው በማጣቱ ያገኘውን እንደ ተቀበለ ነገራቸው። የኔታ በዚህ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ «እንግዲያውስ ጥፋቱ መምህሩን ብቻውን የተዉት ነው» ብለው ፍርዱን ከሰውየው ላይ አነሡ። እኔም በዚህ ብያኔ እስማማለሁ፤ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበትን መጽሐፍ አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ እንዲጠብቅ ትቶ በስሕተቱ ላይ መደነቅ ለማናችንም የሚያምር አይደለም።

በዚያ ክፉ ቀን የተረፉት ደግሞ የሚገርሙ ናቸው። አዲስ ነገር ሲወጣ በዕለቱ ካልጫንሁ የሚሉት ቀናተኞች የሙከራ እትም ይዘው ስለ ነበር መርዙን ጠጡት፤ የረጋውን የዴቢያን እትምና የቀደሙትን የኡቡንቱ እትሞች የያዙት ሳይነካቸው አለፈ። ኡቡንቱም በዚያው ሰሞን ሊያወጣ ያሰናዳውን የ24.04 የሙከራ እትም በአንድ ሳምንት አዘግይቶ ጥቅሎቹን እንደ ገና ከመሠረቱ ሠራቸው። ነገር ግን ይህን የሰማ አፕዴት ጠል ሁሉ «አላልሁም?» ብሎ እንዳይነሣ፣ ከእነርሱ ጋር አንድ ወገን አለመሆኔን ላስታውቅ፤ የረጋ እትም የያዘ ሰው የተገኘውን ቀዳዳ የሚደፍን ጥገና በየጊዜው የሚቀበል ነው እንጂ በሩን ዘግቶ የሚተኛ አይደለም። የእኅቴ ልጅም ከዚያ ወዲህ የደኅንነት ጥገና የሆነውን በመጣበት ሰዓት፣ ለጌጥና ለአዲስ መልክ የመጣውን ግን ሌሎች ሞክረውት ወሬው እስኪሰማ ድረስ በማዘግየት ይኖራል፤ በኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ በሚያዝያ የሚወጣውን፣ አምስት ዓመት የሚጠገነውን እትም ብቻ ይዟልና ይህ ይቻለዋል።

የአገሩ ጠባይ ግን ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፤ በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር የማያስታውስ የለም። ለዚህ አፕት ኦፍላይን የሚባል መሣሪያ አለ፤ ማሽኑ የሚያስፈልገውን ዘርዝሮ በፍላሽ ላይ ይጽፋል፤ ፍላሹ ኔትወርክ ወዳለበት አገር በመኪና ይሳፈራል፤ ዕቃውን ሞልቶ ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ከደብረ ታቦር የተሞላ ፍላሽ ክምር ድንጋይን አልፎ፣ ከጤፍ ጆንያና ከዶሮ ጋር ተሳፍሮ ነፋስ መውጫ ይደርሳል፤ ከዚያም ለዘመድ ተሰጥቶ ወደ ወገዳ ከተማና ወደ አርብ ገበያ ይወርዳል። አንባቢ ሆይ፣ በመንገድ የሰው እጅ ሁሉ የነካው ዕቃ እንዴት ይታመናል ትል ይሆናል፤ ምሥጢሩ ዝርዝሩ በአሳታሚዎቹ ዲጂታል ማኅተም የታተመ መሆኑ ነው፤ በዝርዝሩ ውስጥም የእያንዳንዱ ጥቅል አሻራ ተጽፏል፤ አፕት ማኅተሙን ከቁልፉ፣ ጥቅሉን ከአሻራው ሳያስተያይ አይጭንም፤ አንዲት ፊደል ብትለወጥ «አልቀበልም» ይላል። ተሸካሚው ጻድቅ መሆን አያስፈልገውም። ቸኩሎ አፕትን ትቶ፣ ከእርሱ ሥር ባለው ዲፒኬጂ በተባለው ጫኝ በቀጥታ የጫነ ሰው ግን ይህ ምርመራ ስለሚያልፈው ዕዳው በራሱ ነው። ደግሞ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ «አፕት ጌት» ያወረደውን ጥቅል በጓዳው ያስቀምጣል፤ ታናሽ ወንድሙ «አፕት» ግን ጭኖ ሲጨርስ ይጥለዋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ለማካፈል የሚያስብ ድኻ ሽማግሌውን ቢጠራ ይሻለዋል።

አንድ ቀን በዚህ ሁሉ መካከል፣ ጥቅሎቹ ወርደው፣ ግማሹ ተጭኖ፣ ግማሹ በመንገድ ሳለ መብራት ጠፋ። አፕዴት ጠሎቹ ከየወንበራቸው ብድግ ብለው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከነዚያ አንዱ ኮምፒውተሩ ሞቷል ብሎ እስከ ማጽናናት ደረሰ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ «ዲፒኬጂ ተቋርጧል» የሚል ቃል አወጣ፤ ቀጥሎም ምን ብለው ቢጽፉለት ካቆመበት ሊቀጥል እንደሚችል ራሱ አመለከተ። ልጁ ያችኑ መስመር ጻፈ፤ ሥራውም ከተቋረጠበት ተነሥቶ ተፈጸመ። አጽናኙ ሰው በዚህ ቅር መሰኘቱን ከፊቱ አነበብሁ።

የኔታ የድጓቸውን ስካን ሊወስዱ በመጡ ቀን፣ እድሳቱ የእርሳቸውን ገጾች ይነካ እንደሆነ ጠየቁ። ልጁ እድሳት የሚገባው በፕሮግራሙ ክፍል እንጂ በሰው ጽሑፍ ክፍል እንዳልሆነ ካስረዳቸው በኋላ፣ ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጦ ሰጣቸው፤ እርሳቸውም አንዱን ለቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት፣ አንዱን ለራሳቸው አደረጉ። ሊወጡ ሲሉ ግን ከፕሪንተሩ ትኩስ ሆኖ የወጣ የማኅበር ጥሪ ካርድ ዐይናቸው ገባ፤ አነሡና አነበቡት፤ መነጽራቸውን አስተካክለው ደግመው አነበቡት።

«ዓመታዊ በዓልን በአልፋው አ ጽፈኸዋል።»

«የኔታ፣ ሁሉም እንዲያ ነው የሚጽፈው።»

«ለዐይኑ ዐ ቁልፍ የለውም ይህ ዕቃህ?»

«አለው የኔታ።»

«እንግዲያ ፓራጓይን ከማደስህ በፊት ይህን አፕዴት አድርግ» ብለው እስክሪብቶ አውጥተው በካርዱ ላይ አረሙበት። ልጁ ፋይሉን ከፍቶ ፊደሉን ሲለውጥ፣ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት ቆሞ የነበረው የካርዱ ባለቤት፣ ቀድሞ የታተመው ሁሉ በእርሱ ሒሳብ እንዳይቈጠር፣ የተሳሳተውም ካርድ ቢሆን ፊደል ለማይመረምሩ ዘመዶቹ ስለሚበቃ በነፃ እንዲጨመርለት ይከራከር ጀመር።